ሐራጁም ነጻነቱም በአንድ ደጃፍ፦ የሴንት ሉዊስ አሮጌ ፍርድ ቤት

በ1816 ሁለት የሴንት ሉዊስ ባለርስቶች ከመሬታቸው ቆርሰው ለካውንቲያቸው ሰጡ። አንደኛው ኦገስት ሹቶ ነው፤ ገና ልጅ እግር ሳለ በ1764 ከፒየር ላክሌድ ጋር ሆኖ ከተማዋን በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የቆረቆራት። ሁለተኛው ዳኛ ጆን ባፕቲስት ቻርልስ ሉካስ ነው፤ ከፈረንሳይ ኖርማንዲ መጥቶ በሚዙሪ ግዛት ወንበር የተቀመጠ። ስጦታው ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ መሬቱ ለዘለዓለም የካውንቲው ፍርድ ቤት መቆሚያ ይሁን የሚል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባለ አረንጓዴ ጉልላት ትልቅ ሕንጻ ቆሟል። ሕዝቡ «አሮጌው ፍርድ ቤት» ይለዋል። ዳኛ ከተቀመጠበት ግን ወደ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካውንቲ በእኛ የቀድሞ አከፋፈል አውራጃን የሚመስል የአስተዳደር እርከን ነው። በአሜሪካ የአንድ ካውንቲ ፍርድ ቤት ወንጀለኛ የሚቀጣበት ቦታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ርስት ሲሸጥና ሲለወጥ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ሟች የተወው ንብረት ለወራሽ የሚከፋፈለው፣ የባለዕዳ ንብረት በሐራጅ የሚሸጠው፣ ዘማች የሚመለመለው፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክረው እዚያው ነው። ስለዚህ የአንድን አካባቢ ሰዎች ክብርም ውርደትም በአንድ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑም ከገበያውም ይልቅ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ቢሄድ ይሻለዋል። የሴንት ሉዊሱ ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የላቀ ምስክር ነው። ታሪኩ ሊከበር ይገባዋል ብዬ የምጽፈውም ስለ ጉልላቱ ማማር አይደለም። ከመጻፍና ከማንበብ የተከለከሉ ሰዎች በመስቀል ምልክት ፈርመው ያስገቡትን አቤቱታ ተቀብሎ መዝገብ ስለከፈተላቸው ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ቤቱ።

በተሰጠው መሬት ላይ የመጀመሪያው የጡብ ፍርድ ቤት ተሠርቶ ያለቀው በ1828 ነው። ከተማዋ ግን ቤቱ ሳያረጅ ጠበበችበት። የእንፋሎት መርከቦች በሚሲሲፒ ላይ ሲበዙ ነጋዴው፣ ስደተኛው፣ ወደ ምዕራብ የሚሻገረው ሁሉ በሴንት ሉዊስ በኩል ያልፍ ጀመር። በ1840 ወደ 16 ሺህ የነበረው የነዋሪ ቁጥር በ1860 ከ160 ሺህ በላይ ደረሰ። በ1839 ሄንሪ ሲንግልተን በነደፈው ፕላን መሠረት የአዲሱ ፍርድ ቤት የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ በመካከሉ ክብ አዳራሽ፣ በዙሪያው አራት ክንፍ፣ ከላዩ ጉልላት። አሮጌው የጡብ ቤት ወዲያው አልፈረሰም፤ የአዲሱ ሕንጻ የምሥራቅ ክንፍ ሆኖ እስከ 1851 አገለገለ። ከዚያ ሮበርት ሚቸል የሚባል አርክቴክት መጥቶ አፈረሰውና አዲስ ክንፍ ሠራ፤ የቀሩትንም ክንፎች አሰፋ። በመጨረሻ የመጣው ዊልያም ራምቦልድ የቀድሞውን አነስተኛ ጉልላት አውርዶ በሮም የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ አርአያ ያደረገ የብረት ጉልላት አቆመ። በዚያው ጊዜ ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት የብረት ጉልላትም በግንባታ ላይ ነበር። በድንበር ላይ ያለች የንግድ ከተማ ከመዲናይቱ እኩል ብረት ወደ ሰማይ ማንሳቷ ስለ ራሷ ምን ያህል ትልቅ ግምት እንደነበራት ያሳያል። ሥራው በ1862 ሲያልቅ ከመሠረቱ 23 ዓመት ሞልቶታል፤ አገሪቱም በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ካርል ዋይማር የክቡን አዳራሽ ግድግዳ በታሪክ ሥዕሎች አስጌጠና ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

በዚህ አዳራሽ ጉዳይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በ1816 ሁለት ወጣት ጠበቆች በችሎት ፊት ተከራክረው አንዱ ሌላውን ውሸታም ብሎ ተጣሉ። አንደኛው ቶማስ ሃርት ቤንተን፣ ሌላው መሬቱን የሰጠው የዳኛ ሉካስ ልጅ ቻርልስ ሉካስ ነበሩ። ጠቡ በረደ ሲባል ተመልሶ ተነሣ፤ በ1817 ሁለት ጊዜ ሽጉጥ ተማዘዙ፤ በሁለተኛው ቤንተን ሉካስን ገደለው። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1849፣ ያው ቤንተን የሚዙሪ ሴናተር ሆኖ አባትየው በሰጠው መሬት ላይ በቆመው ክብ አዳራሽ ገባ። ከየስቴቱ ለተሰበሰቡ ልዑካን ባቡር እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይዘርጋ ሲል ንግግር አደረገ፤ ንግግሩም በሕይወቱ ከታወቀባቸው ሁሉ የሚጠቀስ ሆነ። ያኔ ፍርድ ቤቱ ለሰዎች ከጠብመንጃ የተሻለ መፋለሚያ ሊሆን ገና በመዳዳት ላይ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም።

አሁን ወደ መዝገቦቹ።

ሚዙሪ በ1821 ባርነት የተፈቀደባት ስቴት ሆና ወደ አሜሪካ ኅብረት ገባች። ከሴንት ሉዊስ ተነሥቶ ወንዙን የተሻገረ ሰው ደግሞ ኢሊኖይ ነው የሚገባው፤ ኢሊኖይ ባርነት የተከለከለባት ስቴት ነበረች። አሳዳሪዎች ባሪያዎቻቸውን አስከትለው ወዲያና ወዲህ ይሻገሩ ስለነበር ጥያቄው ሳይወድ በግድ ተነሣ፦ ነጻ መሬት ላይ የኖረ ሰው ተመልሶ ባሪያ ይሆናል ወይ? ገና በግዛትነት ዘመን በ1807 የወጣ ሕግ፣ ኋላም የ1824ቱ የስቴቱ ሕግ፣ ያለ አግባብ በባርነት ተይዣለሁ የሚል ሰው በድሃ ደንብ መክሰስ እንዲችል ፈቀደ። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ካመነበት ጠበቃ ያቆምለታል፤ ክሱ እስኪያልቅም አሳዳሪው ከአካባቢው እንዳያወጣው፣ በመክሰሱም እንዳይቀጣው ያዛል። በ1824 ዊኒ የምትባል ሴት ያስፈረደችው ፍርድ መንገዱን ከፈተ፤ የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጻ መሬት የተቀመጠ ሰው አንዴ ነጻ ከወጣ ነጻ ነው አለ። በ1836 ደግሞ ሬቸል የተባለች ሴት በአንድ የጦር መኮንን ባርነት ወደ ነጻ ግዛት ተወስዳ ስለነበር ክስ አቅርባ ረታች። መኮንን መሆኑ፣ በትእዛዝ መዛወሩ፣ አሳዳሪውን አላዳነውም።

የክሱ አቀራረብ ራሱ ሊተረክ ይገባል። ከሳሹ «ነጻ አውጡኝ» ብሎ አይጀምርም። «እኔ ነጻ ሰው ነኝ፤ እገሌ ደብድቦኛል፤ ያለ ሕግ አስሮ አስቀምጦኛል» ብሎ እንደ ማንኛውም ተበዳይ ነው የሚከስሰው። ተከሳሹም «ባሪያዬ ስለሆነ መብቴ ነው» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይወርዳል፤ ይህ ሰው ነጻ ነው ወይስ ባሪያ? ጥያቄውን የሚመልሱት 12 የጁሪ አባላት ሁሉም ነጭ ወንዶች ናቸው፤ ከነሱም መካከል ባሪያ አሳዳሪዎች ይቀመጡ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከሳሾች ይረቱ ነበር።

ከነዚህ ከሳሾች አንዷ ፖሊ ናት። በኢሊኖይ ከኖረች በኋላ ሚዙሪ ውስጥ በባርነት የተያዘች ሴት ነበረች። በ1839 ከሰሰች፤ በ1843 ረታች። ግን ልጇ ሉሲ ገና በባርነት ላይ ነበረች። ፖሊ የራሷ ፍርድ ሳይሰጥ ለልጇም ከሳ ነበር። ክሱ እስኪታይ ድረስ ሉሲን 17 ወር እስር ቤት አስቀመጧት፤ ጥፋት ኖሮባት ሳይሆን ነጻነቷን በመጠየቋ። በ1844 ጉዳዩ ሲሰማ ጠበቃዋ ኤድዋርድ ቤትስ ነበር፤ በኋላ የአብርሃም ሊንከን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆነው። እናቲቱ ስትወልዳት ነጻ መሆን የሚገባት ሰው ከነበረች ልጇም ነጻ ናት ተባለ፤ ሉሲ ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች። ሉሲ ዴሌኒ በእርጅናዋ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አሳትማዋለች፤ ነጻነቱን በክስ ያገኘ ሰው በራሱ አንደበት የተረከው ሌላ መጽሐፍ እስካሁን አልተገኘም።

በ1990ዎቹ የመዝገብ ባለሙያዎች የድሮውን የሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ወረቀቶች ሲያደራጁ ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ የነጻነት ክሶች አገኙ። ያን ያህል ብዛት ያለው የነጻነት ክስ ስብስብ በሌላ ቦታ መገኘቱን አልሰማሁም። ከዚያ በፊት አገሩ ሁሉ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

ድሬድ ስኮት በ1799 ገደማ በቨርጂኒያ ሳውዝሃምፕተን ካውንቲ በባርነት ተወለደ። ያሳደሩት የብሎው ቤተሰቦች በ1830 ወደ ሴንት ሉዊስ ይዘውት መጡ፤ ኋላም ጆን ኤመርሰን ለሚባል የጦር ሐኪም ተሸጠ። ኤመርሰን በኢሊኖይ ወዳለው ፎርት አርምስትሮንግ፣ ከዚያም በሰሜን በዛሬዋ ሚኒሶታ ወዳለው ፎርት ስኔሊንግ ይዞት ሄደ፤ ሁለቱም ባርነት የተከለከለባቸው ቦታዎች ናቸው። ፎርት ስኔሊንግ ላይ ድሬድ ሀሪየት ሮቢንሰንን አገባ። ያጋባቸው ሎረንስ ታሊያፌሮ ሲሆን እስከዚያ ቀን ሀሪየትን በባርነት ያሳደራት እሱ ነበር፤ የሰላም ዳኛም ስለነበር ጋብቻውን በሕግ ፈጸመው። የባሪያ ጋብቻ በሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውምና ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያ ልጃቸው ኢላይዛ በሚሲሲፒ ላይ በመርከብ ተወለደች፤ መርከቡ ገና ከሚዙሪ በስተሰሜን በነጻው ወገን ሳለ።

ኤመርሰን በ1843 ሞተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1846 ድሬድና ሀሪየት በሚስቱ በአይሪን ኤመርሰን ላይ ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች አስገቡ። ሁለቱም መጻፍ ስለማይችሉ በስማቸው አጠገብ የመስቀል ምልክት አደረጉ። ሕጉም ከዚያ በፊት የተፈረዱት ፍርዶችም በነሱ በኩል ነበሩ፤ የሬቸል ጉዳይ ከነሱ ጉዳይ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ክሱ በሰኔ 30 ቀን 1847 በአዲሱ ሕንጻ በምዕራቡ ክንፍ በታችኛው ፎቅ ተሰማ። ዳኛው አሌክሳንደር ሃሚልተን ይባላል፤ ከቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ጋር ሞክሼ ነው እንጂ ዝምድና የለውም። ስኮቶች ተረቱ፤ የተረቱበት ምክንያት ዛሬም ሲነበብ ያበሳጫል። ከወይዘሮ ኤመርሰን ስኮቶችን ተከራይቼ አሠርቻለሁ ብሎ የቀረበው ምስክር ሲጠየቅ ጉዳዩን የጨረሰችው ሚስቱ እንደነበረች፣ እሱ የሰማውን እንጂ ያየውን እንደማይናገር ታወቀ። የሰሚ ሰሚ ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ አይሪን ኤመርሰን አሳዳሪያቸው መሆኗ አልተረጋገጠም ተብሎ ክሱ ወደቀ፤ ውጤቱም ለዚያችው ሴት ባሪያ ሆነው መመለሳቸው ነበር። ዳኛ ሃሚልተን ግን ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ፈቀደ።

እንደገና እስኪታይ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በ1849 ኮሌራ ገባ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ከመርከብ የተነሣ እሳት የከተማዋን መካከል በላው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሸሪፉ ስኮቶችን እያከራየ ያሠራቸው ነበር፤ የሠሩበት ገንዘብም ክሱ እስኪወሰን በአደራ ይቀመጥ ነበር። ጥር 12 ቀን 1850 በዚሁ ቤት ሁለተኛው ጁሪ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ የምስክሩ ሚስት ራሷ የሰጠችው ቃል ተሰማ፤ ጁሪውም ስኮቶች ነጻ ናቸው ብሎ ፈረደ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የድሬድ ስኮትን ስም ከሌሎቹ 300 ሰዎች ለይቶ የሚያስታውስ ላይኖር ይችል ነበር። ወይዘሮ ኤመርሰን ግን ይግባኝ አለች። በ1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ የራሱን የ28 ዓመት ፍርድ ሻረ፤ ዳኛ ዊልያም ስኮት ዘመኑ ተለውጧል፣ የሰሜኖቹ ፀረ ባርነት ዘመቻ በርትቷል የሚል ምክንያት ሰጠ። ሕጉ ሳይለወጥ የፖለቲካው ነፋስ ስለተለወጠ ፍርዱ ተለወጠ ማለት ነው። ሃሚልተን ጋምብል ብቻውን ተቃወመ። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተሻገረ፤ መጋቢት 6 ቀን 1857 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሮጀር ቶኒ የሰባቱን ዳኞች ውሳኔ አነበበ። ጥቁር ሰው ባሪያም ይሁን ነጻ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን ስለማይችል በፌዴራል ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት የለውም አለ፤ ምክር ቤቱም በግዛቶች ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም ብሎ ጨመረ። ጆን ማክሊንና ቤንጃሚን ከርቲስ ተቃወሙ። ውሳኔው አገሪቱን ወደ ጦርነት ከገፏት ነገሮች አንዱ ሆነ።

እኔ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መቆም እፈልጋለሁ። የአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ከፍቶ፣ ምስክር አሰምቶ፣ ጁሪ አስቀምጦ የዳኘውን ሰው የአገሪቱ ትልቁ ወንበር «አንተን አልሰማም» አለው። እኛ አገር «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ቁጭት ነው። ስኮት የተነፈገው ነጻነቱን ብቻ አይደለም፤ ከሳሽ ተብሎ በዳኛ ፊት የመቆም መብቱንም ነው። ያ መብት በሴንት ሉዊስ ለድሃው፣ ለማይጽፈው፣ ለተገዛው ሰው ሳይቀር ተከብሮ ነበር። እርግጥ ነው ሕጉ ደካማ ነበር፤ ባርነትን አልነካም፤ የማይገባው ተይዞ እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቀው። ቢሆንም ሰዎቹ የተገኘችውን ጠባብ በር ለይተው ገብተውባታል። ይህን ያደረጉት ምሁራንና ባለሥልጣናት ሳይሆኑ አጣቢዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ የመርከብ ሠራተኞች ናቸው።

የስኮቶች ነጻነት የተጻፈው በመጨረሻ በዚሁ ሕንጻ ነው። አይሪን ኤመርሰን ካልቪን ቻፊ የሚባል የማሳቹሴትስ የምክር ቤት አባል አግብታ ነበር፤ ሰውየው የባርነት ተቃዋሚ ስለነበር ነገሩ ሲወጣ አፈረ። ነጻ የማውጣቱን ሰነድ ግን የሚዙሪ ነዋሪ መፈረም ስላለበት ስኮቶች ለቴይለር ብሎው ተላለፉ፤ ድሬድን ያሳደሩት የብሎው ቤተሰብ ልጅ ነው። ግንቦት 26 ቀን 1857፣ ከቶኒ ውሳኔ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው በዳኛ ሃሚልተን ፊት ነጻነታቸው ተመዘገበ። በአደራ የተቀመጠውን የዓመታት የሥራ ገንዘባቸውን፣ 750 ዶላር ገደማ፣ የወሰደችው የቀድሞ አሳዳሪያቸው ናት። ድሬድ በሆቴል በር ጠባቂነትና በተሸካሚነት እየሠራ ጥቂት ኖረና በመስከረም 1858 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሀሪየት እስከ 1876 ኖራለች፤ ባርነት ሲወገድ አይታለች።

የሕንጻው የምሥራቅ ደጃፍ ሌላ ነገር አይቷል። ሰው ሞቶ ንብረቱ ሲጣራ፣ ወይም ባለዕዳ ሲከስር፣ ፍርድ ቤቱ ንብረቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ያዛል፤ ንብረት ከተባለው ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ሐራጁ የሚካሄደው በደረጃው ላይ ነው። እናት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ገዢ እጅ ትገባለች። ሠዓሊው ቶማስ ሳተርዋይት ኖብል ጦርነቱ እንዳበቃ ይህን ትዕይንት በትልቅ ሸራ ሥሎታል። ውስጥ ክፍል አንዲት ሴት ነጻነቷን ስትከራከር፣ ደጅ ሌላዋ ዋጋ ይወጣላት ነበር። ሁለቱንም ያዘዘው ያው ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለቱንም የጻፈው ያው ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። የሕንጻውን በዓል የሚያከብር ሰው ደረጃውን ዘሎ ወደ ጉልላቱ ብቻ ቢያመለክት በዓሉን ያበላሸዋል።

በ1859 በገንዘብ ችግር የተያዘ አንድ የቀድሞ የጦር መኮንን እዚህ መጥቶ ዊልያም ጆንስ የሚባል ባሪያውን ነጻ የሚያወጣ ሰነድ አስገባ። ሰውየውን ሸጦ ዕዳውን ማቃለል ይችል ነበር፤ አላደረገውም። መኮንኑ ዩሊሲስ ግራንት ነው፤ ኋላ የሰሜኑን ጦር መርቶ ድል ያደረገው፣ ፕሬዚዳንትም የሆነው። በ1878 ደግሞ ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ሉዊስ ብራንዳይስ የጥብቅና ፈቃዱን ያገኘው በዚሁ ቤት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቤቱ ሌላ ትልቅ ክስ አስተናገደ። ቨርጂኒያ ማይነር በጥቅምት 1872 ልትመርጥ ልትመዘገብ ሄዳ ሪስ ሃፐርሴት የተባለው መዝጋቢ ሴት ነሽ ብሎ መለሳት። ከሰሰችው። ያገባች ሴት ለብቻዋ መክሰስ ስለማትችል ጠበቃ የነበረው ባለቤቷ ፍራንሲስ አብሯት በከሳሽነት ገባ። የተደገፈችው በ1868 በጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ይህ ማሻሻያ በአሜሪካ የተወለደ ወይም ዜግነት የተቀበለ ሁሉ ዜጋ ነው ብሎ የቶኒን ውሳኔ የሻረ ነው። ማይነር «ዜጋ ከሆንሁ እመርጣለሁ» አለች። በ1875 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ዜጋ ነሽ፣ ዜግነት ግን የመምረጥ መብት አይሰጥም ብሎ መለሰላት። ሴቶች የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥቱ እስኪጻፍ 1920 ድረስ ጠበቁ። ስኮትም ማይነርም ዋሽንግተን ላይ ተረተዋል፤ የሁለቱንም ሽንፈት ግን ሕገ መንግሥት ተለውጦ ሽሮታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤቱ ዘመን የቁልቁለት ነው። በ1876 በተሰጠ ድምፅ ከተማዋ ከካውንቲዋ ተለየች፤ ካውንቲው መቀመጫውን ክሌይተን ላይ አደረገ፣ ፍርድ ቤቱም ለከተማዋ ቀረ። በ1930 ችሎቶቹ ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወሩ የሹቶና የሉካስ ዘሮች ቅድመ ሁኔታው ስለፈረሰ መሬታችን ይመለስልን ብለው ከሰሱ። ተረቱ። ዘሮቹ ያያቶቻቸውን ቃል ለማስከበር የሄዱት አያቶቻቸው መሬት ወደ ሰጡለት ተቋም ነው፤ እሱም አልፈረደላቸውም። በ1940 ከተማዋ ሕንጻውን ለፌዴራል መንግሥት አስረከበች። ያኔ በወንዙ ዳር ወደ 40 የሚጠጉ ብሎኮች ለመታሰቢያ ፓርክ ሲባል በመፍረስ ላይ ነበሩ፤ ከድሮዋ ከተማ ሳይነኩ ከቀሩት ጥቂት ሕንጻዎች አሮጌው ካቴድራልና ይህ ፍርድ ቤት ይገኙበታል። በ1965 የኤሮ ሳሪነን የብረት ቅስት 192 ሜትር ከፍታ ይዞ ሲቆም፣ ከምዕራብ ለሚያየው ሰው ጉልላቱ በትክክል በቅስቱ መካከል ገባ። ፎቶ አንሺዎች ከዚያ ወዲህ ያንን ማዕዘን ለቀው አያውቁም።

ስኮቶች የቆሙበት ክፍል ግን የለም። በ1850ዎቹ ጣሪያው በመጉበጡ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ መተላለፊያ ተሠራበት፤ ታሪክ ጸሐፊ ሳይደርስለት ነው የጠፋው። በ2012 ከሕንጻው ደጅ የድሬድና የሀሪየት ሐውልት ቆመ። በግንቦት 2025 ደግሞ 27.5 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት እድሳት አልቆ ቤቱ ለሕዝብ ተከፈተ፤ አሳንሰር ገብቶለታል፣ አዲስ የኤግዚቢሽን ክፍሎችም ተከፍተውለታል፤ ከነሱ መካከል ስለ ስኮቶችና በሚዙሪ ስለ ጥቁሮች የነጻነት ትግል የሚተርኩ አሉ። በዚህ ሕንጻ አዲስ ዜጎች የዜግነት መሐላ የፈጸሙባቸው ሥነ ሥርዓቶችም ተካሂደዋል። ከኢትዮጵያ ሄዶ የአሜሪካ ዜግነት የያዘ ሰው ሁሉ፣ የትኛውም ከተማ ይማል የትኛው፣ ለዜግነት መንገዱ የተከፈተለት በዚያው የቶኒን ቃል በሻረው በ14ኛው ማሻሻያና ዜግነትን ለአፍሪካ ተወላጆች በከፈተው በ1870ው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ ይህ አይፈቀድለትም ነበር።

ሕንጻው የልደት ቀን ይቆረጥለት ቢባል የመሠረት ድንጋዩን ቀን አልመርጥም፤ ጉልላቱ ያለቀበትንም እንደዚሁ። ሚያዝያ 6 ይሁንለት እላለሁ። በዚያ ቀን የገቡት ወረቀቶች ሁለት ናቸው፦ አንዱ የድሬድ፣ አንዱ የሀሪየት። በ1850 ጠበቆቹ ለሁለቱም የሚሆነው ፍርድ አንድ ስለሆነ የድሬድ መዝገብ ብቻ ይቀጥል ብለው ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በእሱ ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። ሀሪየት ግን የራሷ ክስ ነበራት፤ እናት ነጻ ከሆነች ልጆቿ ነጻ ናቸውና ለኢላይዛና ለታናሽ እኅቷ ለሊዚ ከሁሉ የሚበልጠው የእሷ መዝገብ ነበር። መዝገቡ ዛሬም በሴንት ሉዊስ አለ፤ ከሳሽ ሀሪየት፣ ተከሳሽ አይሪን ኤመርሰን ይላል።